የታመመ ተማሪ ዶርም ውስጥ ብቻውን አይደር

ይድረስ፦ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሳነ መምህራን፣ ለዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊዎች፣ ለፕሮክተሮችና ለግቢ ጥበቃዎች፣ እንዲሁም ለወላጆች

ጉዳዩ፦ በወጣት ተማሪዎች ላይ ስለሚደርስ ማጅራት ገትር

እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ይህን ጻፊ ብሎ ያዘዘኝ አለቃ የለም። የሌሊት ተረኛ ስሆን ተማሪዎች በጓደኞቻቸው ትከሻ ተደግፈው ሲመጡ አያለሁ። አንዳንዶቹ ጥቂት ሰዓት ቀድመው ቢመጡ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ሲደጋገምብኝ ዝም ማለት አቃተኝ።

የምጠይቃችሁን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ደብዳቤዬን ሳትጨርሱ ብትተዉት እንኳ ይህችን ይዛችሁ ሂዱ። ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት ያለበት ተማሪ ዶርም ውስጥ ብቻውን ተኝቶ አይደር። በየሰዓቱ ቀስቅሶ የሚያናግረው ሰው ይመደብለት። እየባሰበት ከሄደ እኩለ ሌሊትም ቢሆን የግቢው በር ይከፈትለት። በጀት አይጠይቅም፤ ስብሰባም አያስፈልገውም።

ስለ ማጅራት ገትር ሲነሳ ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ጨቅላ ሕፃን ነው። እውነት ነው፣ ሕፃናት በጣም ይጎዳሉ። ግን ሕፃን አጠገቡ እናት አለችው። ጡት እምቢ ሲል፣ ለቅሶው ሲቀየር፣ ሰውነቱ ሲዝል ታውቃለች። የ17 ዓመት ልጅ ግን "ትንሽ አሞኛል" ይልና ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ማን ያየዋል? እናቱ ሌላ ከተማ ናት። ጓደኞቹ ላይብረሪ ናቸው። ፕሮክተሩ አንድ ሕንፃ ሙሉ ተማሪ ነው የሚጠብቀው። ስልኩ ቢጮህና ባያነሳ "ተኝቶ ነው" ይባላል።

በሽታው ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ የተዘረጋው፣ 26 አገሮችን የሚያካትተው የማጅራት ገትር ቀበቶ የሚባለው አካባቢ ውስጥ ነን። በዚህ ቀበቶ ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ባለው ደረቅና አቧራማ ወቅት በሽታው ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1989 በኢትዮጵያ የተነሱትን ወረርሽኞች ትልልቆቻችን ያስታውሷቸዋል፤ በእያንዳንዳቸው ከ40 ሺህ በላይ ሰው ታሟል። ወረርሽኝ ሲነሳ ደግሞ ከሕፃናቱ ሌላ ተማሪው፣ ወታደሩ፣ ወጣቱ ነው የሚታመመው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወረርሽኙን የሚያመጣው ሜኒንጎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚኖረው በሰው አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ነው። ብዙ ጤነኛ ሰው ምንም ሳይሰማው ይዞት ይዞራል። ከሁሉም በብዛት ተሸክመውት የሚገኙት በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ ወጣቶች ናቸው። በሳልና በማስነጠስ፣ በመሳሳም፣ ተጠጋግቶ በመተኛት ይተላለፋል። ሲጋራና የሲጋራ ጭስም የመያዝ ዕድልን ይጨምራል። አሁን አንድ ዶርም አስቡ። ተደራራቢ አልጋ፣ ብርድ ነው ተብሎ የተዘጋ መስኮት፣ ከየክልሉ የመጡ ልጆች። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በመቶ ሺዎች ሆነው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እያደሩ ተፈትነዋል። ከቤቱ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ፣ በማያውቀው ግቢ፣ በማያውቀው ሰው መሀል፣ በሕይወቱ ትልቁን ፈተና ሊወስድ ነው። ይህ ልጅ ሌሊት ቢታመም ለማን ይናገራል? ቢናገር ከፈተና እንዳይቀር የሚፈራ ልጅ እኮ ነው።

ስለ በሽታው ራሱ ባጭሩ። አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ሲቆጣ ነው ማጅራት ገትር የሚባለው። መነሻው ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ ያኛው በአብዛኛው ቀለል ይላል። የሚያስፈራው የባክቴሪያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የባክቴሪያ ማጅራት ገትር ከያዛቸው ከ6 ሰዎች አንዱ ይሞታል፤ ከ5 አንዱ ደግሞ ከባድ ጉዳት ይዞ ይኖራል። ሜኒንጎኮከስ ካልታከመ እስከ ግማሽ የሚደርሱትን ይገድላል። ሞቱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ምልክቱ በጀመረ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ለዚህ ነው "ነገ ጠዋት ክሊኒክ እንሄዳለን" የሚለው ቃል የሚያስደነግጠኝ።

ታዲያ ለምን ያልፈናል? ሁላችንም የምንጠብቀው የተገተረ አንገት ስለሆነ ነው። የአንገት መገተር ግን ቀድሞ የሚመጣ ምልክት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት በሜኒንጎኮከስ የታመሙ፣ ዕድሜያቸው 16 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆችን ከሕመሙ የመጀመሪያ ሰዓት ጀምሮ መርምሮ ነበር። ቀድመው የታዩት ምልክቶች የእግር ሕመም፣ የእጅና የእግር መቀዝቀዝ እና የቆዳ መልክ መለወጥ ናቸው። እነዚህ ሕመሙ ከጀመረ በ8 ሰዓት ገደማ ውስጥ ታይተዋል። የአንገት መገተር፣ ብርሃን መፍራት፣ ራስን መሳት የመጡት ዘግይተው ነው፤ ከ13 እስከ 22 ሰዓት ባለው ጊዜ። ልብ በሉ፤ ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ መጀመሪያ ሐኪም ሲያያቸው ወደ ሆስፒታል አልተላኩም። ይህ የሆነው ሐኪም በቅርብ በሚገኝበት አገር ነው።

አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል። ሁለት የዶርም ጓደኞቹ በባጃጅ ይዘውት መጡ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፏል። ግንባሩ ይፋጃል። ጫማውን ላወልቅለት ስል እግሩ ላይ ካልሲ በካልሲ ተደርቧል። "ማታ እግሬ በረደኝ ሲል የኔንም አለበስኩት" አለኝ አንደኛው። ካልሲዎቹን ሳወጣቸው እግሩ በረዶ ነው። ባቴን አመመኝ ማለቱንም ነገሩኝ፤ ከሰዓት ኳስ ተጫውቶ ስለነበር አልገረማቸውም። ከዚያ አስመለሰው። ከዚያ መብራት አጥፉልኝ አለ። መብራቱን አጠፉለት። ሲነጋጋ ሊያመጡት ነበር፤ ግን አንደኛው ውሃ ሊሰጠው ቢቀሰቅሰው በሌላ ሰው ስም ጠራው። ያኔ ነው የደነገጡት። እነዚያ ልጆች ምልክቶቹን አንድ በአንድ አይተዋል። በየተራቸው አይተዋቸዋል። ምን እንደሆኑ የነገራቸው ሰው ብቻ ነው የጠፋው።

ልጁ ተርፏል። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ የራሱ ጉዳይ ነው።

ለማጅራት ገትር መሸሸጊያ የሚሆኑት ስሞች እኛ ዘንድ ብዙ ናቸው። መጀመሪያ ምች ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ፣ ላብ ይዞት ንፋስ የመታው ልጅ ራሱን ሲያመውና ሲያተኩሰው "ምች መታው" ይባላል። ዳማ ከሴ ታሽቶ ይሸተታል፣ ይጠጣል፣ ልጁ ተሸፍኖ እንዲያልበው ይደረጋል። ዳማ ከሴን አልጠላም፤ እናቴም ታሽልኝ ነበር። ችግሩ ተሸፍኖ የሚተኛበት ሰዓት ነው። አንድ ሌሊት ሙሉ ማንም ገልጦ አያየውም።

ሁለተኛው "ታይፎይድና ታይፈስ" ነው። አገራችን ውስጥ ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞ ክሊኒክ ገብቶ ይህን ወረቀት ሳይዝ የወጣ ሰው ስንት ነው? በብዛት የሚሠራው የደም ምርመራ ቀድሞ በነበረ ሕመም ምክንያት ጤነኛ ሰው ላይም "ፖዘቲቭ" ሊል ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ታይፎይድ ስለተጻፈ ብቻ ማጅራት ገትር የለም ማለት አይደለም። ወባም እንዲሁ ነው። ወባ ያለበት አካባቢ የሚኖር ልጅ ደሙ ውስጥ ወባ ተገኝቶ፣ ያሰቃየው ግን ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ጀምሮም እየባሰበት ከሄደ፣ ወረቀቱን ትታችሁ ልጁን እዩ።

ሦስተኛውን ወላጆች ስታነቡት ቅር አይበላችሁ። ፈተና ሲደርስ ጫት የሚቅም ተማሪ አለ። ቅዳሜ ማታ የሚጠጣም አለ። ማግስቱን ራሱን ቢያመው፣ ብርሃን ቢጠላ፣ ቢያስመልሰው፣ ቢነጫነጭ ጓደኛው "ሃንጎቨር ነው" ወይም "ምርቃናው ሲወርድበት ነው" ብሎ ይተወዋል። ያልተለመደ ነገር ከዘላበደም "ዛሬ አብዝቷል" ተብሎ ይሳቅበታል። ፕሮክተር ጋ እንዳይወስዱት ደግሞ ቅጣት ይፈራሉ። እዚህ ላይ ኃላፊዎችን አንድ ነገር ልለምን። ጓደኛውን አሞት ይዞ የመጣን ተማሪ በዚያ ሌሊት "ምን ስትጠጡ ነበር?" ብላችሁ አትመርምሩት። ሌላ ጊዜ ይደርሳል። አንድ ጊዜ ከተቀጣ፣ ሁለተኛ ሰው ይዞ አይመጣም።

አራተኛው የፈተና ጭንቀት ነው። በተለይ ሴት ተማሪዎች ላይ ይህ ስም ቶሎ ይለጠፋል። አልቅሳ፣ ራሷን ይዛ፣ "አልችልም" ካለች "ስትረስ ነው፣ አይዞሽ" ትባላለች። ጭንቀት ግን ትኩሳት አይፈጥርም። ቴርሞሜትር የሌለው ዶርም ውስጥም ቢሆን ደረትና ሆድ ላይ እጅን አድርጎ ትኩሳት መኖሩን ማወቅ ይቻላል።

እንግዲህ ምን ይታይ? ትኩሳት ላይ እንዲህ ያለ ራስ ምታት አሞኝ አያውቅም የሚያሰኝ ሕመም ከታከለበት ንቁ። ያስመልሰዋል ወይ? መብራት ሲበራ ዓይኑን ይጨፍናል ወይ? አገጩን ደረቱ ላይ አድርስ ሲባል አንገቱ እምቢ ይላል ወይ? ባቱን፣ መገጣጠሚያውን ያመዋል ወይ? ግንባሩ እየተቃጠለ እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል ወይ? አተነፋፈሱ ፈጥኗል ወይ? ሁሉም እስኪሟሉ አትጠብቁ። አንገቱ እሺ ብሎ ወደ ታች ስለወረደም አትዘናጉ፤ በማጅራት ገትር የታመመ ሁሉ አንገቱ አይገተርም።

ከሁሉም በላይ የምፈራው የአእምሮውን ነው። ቀስቅሱትና ጠይቁት። ዛሬ ምን ቀን ነው? ያለነው የት ነው? እኔ ማን ነኝ? መልሱ ከተምታታ፣ ቀስቅሳችሁት ወዲያው መልሶ ከሰመጠ፣ ወይም ካንቀጠቀጠው፣ ስለ ሌሎቹ ምልክቶች መከራከር ይቅር። ቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

ሽፍታ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ካለ ጠይም ቆዳ ላይ በቀላሉ አይታይም። መዳፉን፣ የውስጥ እግሩን፣ የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልጣችሁ ውስጡን፣ አፉን አስከፍታችሁ ላንቃውን እዩ። ደቃቅ ቀይ ወይም ሐምራዊ ነጠብጣብ ካገኛችሁ ጥርት ያለ ብርጭቆ ጫን አድርጋችሁ በብርጭቆው ውስጥ ተመልከቱ። ነጠብጣቡ ካልጠፋ ደም ከቆዳ ሥር እየፈሰሰ ነው። ይህ ማለት ባክቴሪያው ደም ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ደቂቃ የሚባክንበት አይደለም።

ማስታገሻ ስትሰጡ ደግሞ ተጠንቀቁ። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያበርዳል፣ ዲክሎፌናክ ራስ ምታቱን ያደነዝዛል፤ ባክቴሪያው ግን ሥራውን አያቆምም። ልጁ ለጥቂት ሰዓት ቀና ሲል "ተሻለው" ተብሎ ይተዋል። ከፋርማሲ በራስ ገዝቶ አሞክሳሲሊን መዋጥም አለ። የሚዋጠው ክኒን ይህን በሽታ አያድንም፤ ኋላ ስንመረምር ግን ባክቴሪያውን ደብቆ ያስቸግረናል። ሆስፒታል ስትደርሱ ምን እንደወሰደ፣ በስንት ሰዓት እንደወሰደ ንገሩን። የመድኃኒቱን ካርቶን ይዛችሁ ብትመጡ ደግሞ እንመርቃችኋለን።

ሆስፒታል ከደረሱ በኋላም አንድ ፍርሃት አለ። ከጀርባ ውሃ መውሰድ። ሐኪሙ ይህን ሲናገር አባት ብድግ ይላል፦ "ልጄን ሽባ ልታደርጉት ነው?" ይህን ጥያቄ የማልሰማበት ወር የለም ማለት እችላለሁ። አባቶች ሆይ፣ መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰሩ ካለቀበት በታች፣ ወገብ ላይ ነው። ሕብለ ሰረሰሩ የሌለበት ቦታ ነው። ጀርባውን ለጥቂት ቀን ሊያመው፣ ራስ ምታት ሊያስከትል ይችላል። ሽባ አደረገው የሚባለው ወሬ ብዙ ጊዜ የሚነሳው በሽታው ራሱ የጎዳውን ሰው አይቶ ነው። ከዚያ የሚወጣው ፈሳሽ ጤነኛ ሲሆን ጥርት ያለ ነው። በባክቴሪያ ሲመረዝ እንደ ሩዝ ውሃ ይደፈርሳል። የትኛው ጀርም እንደሆነ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ከእሱ ነው የምናውቀው። ምርመራው ሊዘገይ ከሆነ ሐኪሙ አንቲባዮቲኩን ቀድሞ ይጀምራል፤ አብዛኛውን ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ሴፍትሪያክሰን ነው። እናንተ ግን እዚያ ቆማችሁ ለመፈረም ሁለት ሰዓት ስትመካከሩ፣ ያ ጊዜ የሚባክነው በልጁ ላይ ነው።

አሁን ወደ በሩ ልምጣ። በዚህ ጉዳይ ከሁሉም የሚያበሳጨኝ እሱ ነው። አንድ ግቢ (ስሙን አልጠራም) ተማሪ ሌሊት ታሞ ለመውጣት የፕሮክተር ፊርማ፣ ከዚያ የክሊኒኩ የሪፈር ወረቀት፣ ከዚያ የጥበቃ ኃላፊው ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ክሊኒኩ ሌሊት ዝግ ነው። የጥበቃ ኃላፊው ስልክ ዝግ ነው። በር ላይ ያለው ጥበቃ ጥፋተኛ አይደለም፤ ያለ ወረቀት ካስወጣ እንጀራው ነው። እሱን ከዚህ ጣጣ ማውጣት ያለባችሁ እናንተ ኃላፊዎቹ ናችሁ። በአንድ ገጽ ጻፉለት፦ ትኩሳት ይዞት የተምታታበት፣ ያንቀጠቀጠው፣ መቆም ያቃተው ወይም ክፉኛ ራሱን ያመመው ተማሪ ያለ ምንም ወረቀት ይወጣል፤ ወረቀቱ ጠዋት ይሟላል። ፈርሙበት፣ ማኅተም አድርጉበት፣ የጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 መሆኑንም ከሥሩ ጻፉበት። አምቡላንስ ከዘገየ የግቢው ሰርቪስ መኪና ሹፌር ቁልፍ ይዞ የት እንደሚያድር ተረኛው ይወቅ። ይህን አሁን ጠይቁና መልስ የሚሰጣችሁ ሰው ካለ እዩ።

አንድ ተማሪ ማጅራት ገትር ተገኘበት ሲባል ግቢው ይሸበራል። ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው ሊበታተኑ ይነሳሉ። ፍራሹን እናቃጥል የሚል ይመጣል። ረጋ በሉ። ባክቴሪያው ከሰው ሰውነት ውጭ ብዙ አይቆይም፤ ፍራሽ ማቃጠል አያስፈልግም። ክፍል ውስጥ አብሮ የተማረ ሁሉ አደጋ ላይ አይደለም። የሚያሰጋው አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ የተኛው፣ የተሳሳመው፣ ለረጅም ሰዓት ተጠግቶት የቆየው ነው። ለእነሱ የጤና ባለሙያ ለይቶ መከላከያ መድኃኒት ይሰጣቸዋል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ ነው። ይህን መድኃኒት በራሳችሁ ገዝታችሁ ለሕንፃው ሁሉ አታድሉ። ስማቸውንና ስልካቸውን መዝግባችሁ ጠብቁን፤ ለእኛ ትልቁ እርዳታ እሱ ነው። የታመመው ልጅም ትክክለኛው ሕክምና ከተጀመረለት 24 ሰዓት በኋላ አያስተላልፍም። ተሽሎት ሲመለስ አልጋው ይጠብቀው። "ያ ገትር የያዘው" እያሉ የሚሸሹት ከሆነ ያሳፍራል።

ወላጆች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አለ፦ "ልጄ ተከትቦ የለም እንዴ?" ምናልባት ተከትቧል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በየተራ በተካሄደው ዘመቻ ከ1 እስከ 29 ዓመት ያሉ ሰዎች ተከትበዋል። ዛሬ ሁለተኛ ደረጃና ዩኒቨርሲቲ ያሉት ብዙዎቹ ያኔ ትንንሽ ልጆች ነበሩ። ያ ክትባት ትልቅ ሥራ ሠርቷል። በቀበቶው አገሮች ወረርሽኝ ሲቀሰቅስ የኖረው ምድብ ኤ የሚባለው የሜኒንጎኮከስ ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ በምርመራ ተረጋግጦ አልተገኘም። ግን ክትባቱ የሚከላከለው ምድብ ኤን ብቻ ነው። ሲ፣ ደብልዩ፣ ኤክስ የሚባሉት ምድቦች አሉ። ኒሞኮከስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያም ማጅራት ገትር ያመጣል። የእሱ ክትባት ለጨቅላ ሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ 12ኛ ክፍል ያሉት ጨቅላ ሳሉ ገና አልተጀመረም። "ተከትቧል" ብላችሁ ልጁን ተኝቶ ይደር አትበሉ።

አምስት የሜኒንጎኮከስ ምድቦችን በአንድ መርፌ የሚከላከል አዲስ ክትባት አለ። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2024 ከዓለም ቀድማ መስጠት ጀምራለች። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችሁን ብትጠይቁ ደግሞ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አራት ምድብ የሚከላከለውን ክትባት በአሥራዎቹ ዕድሜ ላሉ ተማሪዎችና አዲስ ለሚገቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትሰጣለች። ለሐጅና ለዑምራ የሚሄዱ እናቶቻችንና አባቶቻችንም ሳዑዲ ለመግባት የዚሁን ክትባት ካርድ ይጠየቃሉ። ሕዝብ ተጨናንቆ የሚያድርበት ቦታ ይህ በሽታ እንደሚያሰጋ ሌላው ዓለም ደንብ አውጥቶበታል። የጤና ሚኒስቴርና የትምህርት ሚኒስቴር ተቀምጠው ስለ ዶርም ተማሪዎች ቢነጋገሩ ደስ ይለኛል። እስከዚያው ግን በእጃችን ያለው ዓይንና ጆሮ ነው።

በሰዓታት የማይገድል ዓይነትም አለ። የቲቢ ማጅራት ገትር ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ሳምንታት የቆየ ራስ ምታት፣ ማታ ማታ የምትመጣ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ የጠባይ መለወጥ። ደስተኛ የነበረች ልጅ ዝም ትላለች፤ ጎበዝ የነበረ ልጅ ክፍል ውስጥ ይተኛል። ቤት ውስጥ ሳንባ ነቀርሳ የታመመ ሰው ካለ ወይም ልጁ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ይህን ችላ አትበሉ። የክፍል ኃላፊ መምህር ከማንም ቀድሞ ሊያየው ይችላል።

መምህራንን የምማጸነው ሌላም ነገር አለ። ከዚህ በሽታ የተረፈ ተማሪ ሲመለስ መስማቱን አስመርምሩለት። ማጅራት ገትር ከሚተዋቸው ጉዳቶች አንዱ የጆሮ መስማት መቀነስ ነው። ምርመራው ከሆስፒታል ሳይወጣ ወይም ከወጣ በ4 ሳምንት ውስጥ ቢደረግ ጥሩ ነው፤ ከዘገየ የጆሮው ውስጣዊ ክፍል ሊደድርና ሊረዱት የሚችሉ ሕክምናዎች ሊከብዱ ይችላሉ። ልጁ ራሱ ላያውቀው ይችላል። በአንድ ጆሮው ብቻ የሚሰማ ተማሪ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ስሙ ሲጠራ ዝም ካለ ንቀት አይደለም። ሲደክመው፣ ሲረሳ፣ ውጤቱ ሲወርድም "ከታመመ ወዲህ ሰነፈ" አትበሉት። ፊት ወንበር አስቀምጡት። ፈተና ላይ ጊዜ ጨምሩለት።

አዲስ ተማሪዎች ሲገቡ ገለጻ ታደርጋላችሁ አይደል? ስለ መታወቂያ፣ ስለ ካፌ ሰዓት፣ ስለ ዲሲፕሊን ሁለት ሰዓት ይወራል። ከዚያ ውስጥ 10 ደቂቃ ስጡን። ንግግር አላበዛም። አንድ ተማሪ አስተኝቼ አንገት እንዴት እንደሚታይ፣ ብርጭቆ እንዴት እንደሚጫን፣ ጓደኛን ቀስቅሶ ምን እንደሚጠየቅ አሳያቸዋለሁ። ባልደረቦቼም ፈቃደኞች ናቸው። የሌሊት ተረኛ ካልሆንኩ የትኛውም ቅዳሜ ይመቸኛል፤ ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከሆነ ግን ወደ ፈተናው ግቢ ከመጓዛቸው በፊት ባለው ሳምንት ቢሆን ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር
የድንገተኛ ክፍል ነርስ